ከደረጃ አልወደቅሽም

ጥቅምት 11

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለባሕር ማዶው ራጅ አንሺ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ ይምጣልህ። ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱን ለመድከው ወይስ ዛሬም ሁለት ሹራብ ደርበህ ነው የምትውለው? እኛ ደህና ነን። እናታችንም ደህና ናት። ባለቤቴም ቀለሙን ይቀባል፣ መሰላሉን ይወጣል፣ እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ገብቶ ዝም ብሎ ይወጣል።

ደህና ነን ካልኩ በኋላ እንዲህ ማለት አያምርም፤ ስልክህን ባለማንሳቴ እንዳትቀየመኝ ብዬ ነው። መንጋጋዬ ተሰብሯል። አትደንግጥ። የግቢው ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ወደቅኩ። ሁለት ቦታ ነው አሉ፤ በግራ ከጆሮዬ ዝቅ ብሎ፣ በቀኝ ደግሞ ክራንቻ ጥርሴ አጠገብ። ሐኪሙ የላይና የታች ጥርሴን በቀጭን ሽቦ አንድ ላይ አስሮ አፌን ዘጋው። አጥንቱ እስኪይዝ ስድስት ሳምንት ያህል እንዲሁ እቆያለሁ። ምግቤ ወተትና ሾርባ በስትሮ ነው። መናገር እንኳ እንደ ንብ እምም ማለት ሆኗል፤ አንተ ያወጣህልኝ «ጥሩምባ» የሚለው ስም ለጊዜው አይሠራም።

መናኸሪያ በእኔ ቦታ አንዲት ልጅ ድምፅ ማጉያው ላይ ተቀምጣለች። የአውቶቡሱን መነሻ ሰዓት የምታነበው መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ነው ይሉኛል። ተሳፋሪው ሰምቶ መሳፈሩን ይተወዋል እያሉ ይስቃሉ። እኔ መሳቅ አልችልም፤ ያማል።

ድንገት ቢያስመልሰኝ ሽቦውን ቶሎ መቁረጥ አለበት ስላሉ ባለቤቴ ፒንሳ በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። ሥራ ቦታም ይዞት ሄዶ ተሳቀበት። እዚያ ማንን ሊቆርጥበት እንደሆነ እንጃ።

ምንም እንዳትልክ። አታስብ።

እህትህ

ኅዳር 2

ለእህቴ፣ ለተዘጋችው ጥሩምባዬ፤

እግዜር ይማርሽ፤ ሕመሙንም ያቅልልሽ። ደብዳቤሽን ያነበብኩት ሥራ ቦታ፣ ጨረር የሚከልለውን የእርሳስ ሽርጤን ሳላወልቅ ነው። ቀጣዩ በሽተኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ እየጠበቀኝ «ደህና ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ፊቱ ያበጠው እሱ ነው፤ ደህንነት የሚጠየቀው እኔ።

እኔ እዚህ ቀኑን ሙሉ የማነሳው ፊት ነው። መስኮት በሌላት ክፍል ሰው አቆማለሁ፣ አገጩን አስደግፈዋለሁ፣ ማሽኑ ጭንቅላቱን ዞሮት ይመለሳል። ስለዚህ እንደ ሌላ ሰው «አይዞሽ» ብቻ ብዬ አልለቅሽም። ስሚኝ። በጠጣሽ ቁጥር አፍሽን ለብ ባለ ጨው ውሃ ተጉመጥመጪ። ለሕፃን የሚሆን ለስላሳ ብሩሽ ግዢና ሽቦውን ከውጭ አጽጂው። ሽቦው ከንፈርሽን እንዳይቆርጥሽ ቫዝሊን ቀቢው፤ ስትተኚም ትራስሽን ከፍ አድርጊ። ባለቤትሽ ፒንሳውን አይለየው፤ የሚስቁት ይሳቁ።

የታችኛው ከንፈርሽስ ደንዝዟል? አገጭሽ ተልጧል? እጅሽስ? ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚሰደው እጁን ነው፤ መዳፉ ይላጣል፣ አንጓው ይታጠፋል። ስለ እጅሽ ምንም አልጻፍሽም።

ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ባለቤትሽ አንስቶ «ደህና ናት፣ እነግርልሃለሁ» አለኝና ዘጋው። በሁለተኛው እናታችንን አቅርብልኝ ስለው ተኝታለች አለ። በቀትር! የሰፈሩን ሸሚዝ ሁሉ ቆማ የተኮሰች ሴት ከመቼ ወዲህ ነው ቀን የምትተኛው? የእሷን ድምፅ ከሰማሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ። የወለደችኝን መልክ እንኳ በቅጡ አላስታውስም፤ እናት ሲሉኝ የሚታየኝ ያሳደገችኝ የእሷ እጅ ነው፣ የካውያው ትኩሳት ያቀላው።

ሰው ካገኘሽ የራጁን ፊልም ላኪልኝ። በዓይኔ ልየው።

ወንድምሽ

ኅዳር 20

ለወንድሜ፤

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እንደ ወትሮው ነን። ፊልሙን ትኬት ቆራጯ ባልደረባዬ እዚያ ለምትኖረው እህቷ ሰጥታልኝ ይዛልህ መጥታለች። እንዳይታጠፍ በካርቶን አድርጌዋለሁ።

ከንፈሬ ደንዝዟል፤ ሾርባ በአገጬ ሲፈስ የማውቀው ልብሴ ሲርስ ነው። ሐኪሙ ቀስ እያለ ይመለሳል ብሎኛል። እጄ ምንም አልሆነም። ዕቃ ይዤ ስለነበር እጄን ማውጣት አልቻልኩም። ክብደቴ ቀንሷል፤ ቀሚሴ እኔን ትቶ ብቻውን የሚሄድ ይመስላል።

እናታችን እንግዲህ ትልቅ ሰው ሆናለች። ጆሮዋም ስለከበደ ስልክ አይመቻትም። ሰላም ብላሃለች።

ምንም አትላክ ብዬህ ነበር፤ ቃሌን ላጥፍ ነው። ለመኝታ ቤት በር የሚሆን ጠንካራ ቁልፍ ብትልክልኝ። ሰው ከወዲያ ሆኖ ቢነቀንቀው፣ ቢገፋው የማይበገር። እዚህ ያለው ሁሉ በአንድ ግፊያ ይነቀላል። ደግሞ ከአንሶላ ስር የሚነጠፍ ላስቲክ፣ ውሃ የማያሳልፍ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

እህትህ

ታኅሣሥ 8

ለእህቴ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ፊልሙ በደህና ደርሶኛል። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ ቃሉ ቢሻክርሽ ልቤ እንዳልሻከረ እወቂልኝ።

ከደረጃ አልወደቅሽም።

ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅዬ ብዙ አየሁት። ከደረጃ የሚወድቅ ሰው እጁ ካልቀደመለት መሬቱን የሚያገኘው በአገጩ ነው። አገጩ ይተረተራል፣ ኃይሉም ወደ ላይ ይወጣና መንጋጋው ጆሮ ሥር ከሚንጠለጠልበት ከቀጭኑ አንገቱ ይሰበራል። ያንቺ እዚያ ጋ ጤነኛ ነው። ከሞተር ሳይክል የሚወድቁትን በየቀኑ አያቸዋለሁ፤ የእነሱ መሀል ፊታቸው ነው የሚደቅቀው፣ አፍንጫና ጉንጭ አብሮ። አሮጊቶች ቤታቸው ውስጥ ተደናቅፈው ሲወድቁ የጉንጭ አጥንታቸውና የዓይናቸው ዙሪያ ነው። የግራው መንጋጋ መታጠፊያው ላይ ተሰብሮ፣ ቀኙ ደግሞ ክራንቻው ጋ የተሰነጠቀ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፊት ለፊት በቆመ ሰው የተመታ ነው። ፊልሙ ላይ የሰውየው ስም አይታይም፤ ቀኝ እጁ ግን ይታያል።

እዚህ የሚመጡ ሴቶችም «ደረጃ» ነው የሚሉት። «በር» የሚሉም አሉ። አብራኝ የምትሠራው ሐኪም አንድ ቀን ፊልም እያየች «ይሄ ደረጃ ደግሞ ሁልጊዜ ቀኝ እጁን ነው የሚሰነዝረው» አለች፤ ማናችንም አልሳቅንም።

ቁልፍ ያልሽኝ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ላስቲኩም ለምራቅሽ እንደሆነ ገምቻለሁ። ባለቤትሽ ስልኩን ለምን እንደሚዘጋውም ገብቶኛል። ዝምተኛ ሰው ጥሩ ሰው ነው እያልን የዳርንሽ እኛ ነን። እውነቱን ንገሪኝ እንጂ የሚያስፈልገውን ሁሉ እኔ አደርጋለሁ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 25

ወንድሜ፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሽቦው ተፈታልኝ። አፌ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ነው የሚከፈተው፤ በየቀኑ እያለማመድኩት ነው።

ባለቤቴ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ስለ እሱ እንዲህ ብለህ ዳግመኛ እንዳትጽፍልኝ። ወደቅኩ ብያለሁ፤ ወደቅኩ። የማነሳው ፊት ብዙ ነው ብለህ የእኔን ቤት ከዚያ ሆነህ የምታየው አይምሰልህ።

ቁልፉን ግን ላክልኝ።

እህትህ

ጥር 10

ለእህቴ፤

ሽቦው በመፈታቱ ደስ ብሎኛል። አፍሽን ማለማመዱን አትተዪ፤ ካልተጎተተ ጡንቻው እንደደረቀ ይቀራል።

ቁልፉንና ላስቲኩን ይህን ደብዳቤ ለሚያመጣልሽ ሰው ሰጥቻለሁ። ቁልፉ ከባድ ብረት ነው፤ ጉልበተኛ አይነቅለውም። ስለዚያ ነገር ደግሜ አልጽፍም፣ እንዳልሽው ይሁን።

አጎታችን አምሳ አለቃው ብቅ ይሉ ይሆናል። ቢመጡ ሳትፈሪ የልብሽን ንገሪያቸው።

እናታችንን እጇን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ

የካቲት 3

ወንድሜ፤

እንደምን ነህ ብዬ ልጀምር አስቤ እጄ እምቢ አለኝ።

አምሳ አለቃው መጡልህ። ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር እሁድ ከሰዓት መጥተው ሳሎን ተደረደሩ። ባለቤቴ ከሥራ የመጣበትን ልብስ አልቀየረም ነበር፤ አረንጓዴ ቀለም ቅንድቡ ላይ ደርቋል። አጎታችን ከኪሳቸው አንተ የጻፍክላቸውን አውጥተው ቆመው አነበቡ። «ስሙ አይታይም፤ ቀኝ እጁ ግን ይታያል» የሚለውን ሁለት ጊዜ ነው ያነበቡት፤ ወደውታል።

«መታሃት ወይስ አልመታሃትም?» አሉት።

እሱ እኔን አየኝ። «እሷን ጠይቋት» አለ።

«አልመታኝም» አልኩ።

«ልጄ፣ ሁሉም ሴት እንደዚሁ ነው የምትለው» አሉኝ። «ታዲያ ማን መታሽ?»

እንዲያ ሲጠይቁኝ እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ልናገር አፌን ስከፍት እናታችን ከጓዳ ወጣች። አንድ ያረጀ ሸሚዝ በሥርዓት አጣጥፋ በሁለት እጇ ይዛለች። አጎታችን ፊት ቆመችና «ጌታዬ፣ ሸሚዝዎ ደርሷል፤ አንገትጌው ትንሽ አስቸግሮኝ ነው የዘገየው» አለቻቸው። የገዛ ወንድሟን! እሳቸው ከት ብለው ሳቁ። «ይቺ ሴትዮ ዛሬም ቀልዷን አልተወችም» አሉ። እሷም ሰው ሲስቅ አይታ ሳቀች። ወንድሜ፣ እዚያ ስቀው በተቀበሏት ሰዎች መሀል «የመታችኝ እሷ ናት» ማለት አቃተኝ። ዝምታዬን እንደ መልስ ቆጠሩትና ቤቱን ለቅቆ እንዲወጣ ፈረዱበት።

ባለቤቴ ተነሣ። ብሩሾቹን በባልዲው ከተተ፣ መሰላሉን ትከሻው ላይ አደረገ። በሩ ጋ ሲደርስ ፒንሳውን ከአንገቱ አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። ሽቦው ከተፈታም በኋላ ሳያወልቀው መቆየቱን እኔ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። አጎታችን «ጉዳዩን ዘግቼዋለሁ ብለሽ ጻፊለት» ብለውኝ ሄዱ። ይኸው ጻፍኩልህ።

አሁን የደበቅኩህን ስማ። እናታችን ከታመመች ሁለተኛ ዓመቷን አልፋለች። መጀመሪያ የቁልፍ ቦታ ረሳች፣ ከዚያ የገበያውን መንገድ፣ ከዚያ እኔን። ማምሻ ላይ ይብስባታል። ያልተሰካ ካውያ ይዛ ጠረጴዛው ላይ ያገኘችውን ሁሉ ስትተኩስ ታመሻለች፤ ድሮ ትተኩስበት የነበረው ላውንደሪ ያለች ይመስላታል። ያን ቀን ከሥራ ገብቼ፣ እራት ላቀርብ ጠረጴዛውን ፈልጌ ከፊቷ ያለውን ጨርቅ አነሣሁ። «ሌባ! የሰው ልብስ ነው!» ብላ በካውያው መታችኝ። አሮጌው፣ ከባዱ ካውያ። ድሮ ሰፈሩ «ተኳሿ አትስትም» እያለ ሲቀልድባት ታስታውሳለህ? አልሳተችም።

የወደቅኩት ወለሉ ላይ ነው። እሷ ጨርቁን ከእጄ ወስዳ ሥራዋን ቀጠለች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደሜን አየችና «አንቺ ልጅ፣ ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» ብላ አለቀሰች። ባለቤቴ የገባው ያኔ ነው። ሁለታችንንም ያነሣን እሱ ነው።

ቁልፉ በማምሻ ወጥታ እንዳትጠፋብን ለእሷ ክፍል በር ነበር። ላስቲኩም ለእሷ አልጋ ነው። በቀትር ተኝታለች ያለህም ማምሻውን ሁሉ ስትዞር አምሽታ ቀን እንቅልፍ ስለሚጥላት ነው፤ ውሸት አይደለም።

ለምን አልነገርሽኝም ትለኛለህ። ገና ሕመሙ ሲጀምራት፣ አእምሮዋ ደህና በነበረ አንድ ጠዋት፣ «ለልጁ እንዳትነግሪው፣ ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል» አለችኝ። ትምህርትህን ከጨረስክ ስንት ዓመትህ ነው? ለእሷ ግን ገና ተማሪ ነህ። ማልኩላት። ባለቤቴንም አስማልኩት። ያን እሁድ አፉን የዘጋው መሐላው ነው። አንተ ደግሞ በየደብዳቤህ ስለ እጇ ትጽፋለህ። ያ እጅ ምን እንዳደረገ እንዴት አድርጌ ልጻፍልህ?

እህትህ

የካቲት 24

እህቴ፤

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ይቅርታ የሚለው ቃል እዚህ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ምንም አያክልም።

ያነበብኩልሽ ፊልም ስህተት አልነበረም፤ በቀኝ እጅ፣ ፊት ለፊት፣ በከባድ ነገር። እሱን አወቅሁ። ከዚያ ያላወቅሁትን ጨመርኩበት። ቤታችሁ ውስጥ ቀኝ እጅ ያለው ባልሽ ብቻ ይመስል። ቁልፍ ስትዪኝ፣ ስልክ ሲዘጋብኝ፣ እናቴ በቀትር ተኝታለች ስባል ሁሉንም አንድ ታሪክ አድርጌ ሰፋሁት። አንድ ጊዜ እንኳ «እናታችን እንዴት ናት» ብዬ፣ «ደህና ናት» የሚለውን መልስሽን ሳልቀበል አጥብቄ ጠይቄሽ ቢሆን! ለሰላምታ ያህል ነው የጠየቅኩሽ። አንቺም ሰላምታ መለስሽልኝ።

ለአጎታችን ደውዬ ተሳስቻለሁ፣ ሄደው ይመልሱት አልኳቸው። ስለ እናታችን አልነገርኳቸውም፤ አንቺን ሳላስፈቅድ አፌ አልከፈት አለኝ። «እኔ የፈረድኩትን እኔው ላፍርስ? ሽማግሌዎቹስ ምን ይሉኛል?» አሉኝ። ለመንኳቸው። «አንተ ልጅ፣ ያን ደብዳቤ ስትጽፍ እርግጠኛ ነበርክ፣ አሁንም እርግጠኛ ነህ» ብለው ዘጉት።

ባለቤትሽ የት ነው ያለው? አድራሻውን ላኪልኝ። እኔም ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ መልሱን እየጠበቅኩ ነው። እስከዚያ ማነው የሚያግዝሽ? እባክሽ ቶሎ መልሽልኝ። ስልክ ብትደውዪልኝማ እንዴት ደስ ባለኝ።

ወንድምሽ

መጋቢት 19

ለወንድሜ፤

የዘገየሁት ተቀይሜህ አይደለም። ተቀይሜሃለሁ፤ ግን ያዘገየኝ እሱ አይደለም።

እናታችን ወደቀች። የላክኸው ቁልፍ ከነካርቶኑ ቁምሳጥን ላይ ተቀምጧል፤ ባለቤቴ ከሄደ ወዲህ በሩን ሰርስሮ የሚገጥመው ሰው አልነበረማ። ወደ ሥራ ከተመለስኩ ወዲህ ለጎረቤቴ ትቻት እሄድ ነበር። ያን ጠዋት ጎረቤቴ ድስቷን ልታወርድ ዞር ስትል እናታችን የአልጋዋን ልብስ ሁሉ ሰብስባ ታቅፋ «ባለቤቶቹ እየጠበቁ ነው» እያለች ወጣች። የግቢው ደረጃ ላይ ነው የወደቀችው። እውነተኛው ደረጃ ላይ።

እኔ ድምፅ ማጉያው ላይ ነበርኩ። የአንዱን አውቶቡስ ስም ጠርቼ የሌላውን ሰዓት አንብቤ ጥዬ ወጣሁ።

በስተግራ ጉንጯና የዓይኗ ሥር ነው። ዓይኗ አብጦ ተከድኗል። ፊቷ ላይ እንዲያ ያለ ነገር ሳይ የራሴን ሁሉ ረሳሁት። ሐኪሙ ከመረመራት በኋላ እኔን ብቻዬን ወደ ኮሪደር ወሰደኝ። «አብራሽ የምትኖረው ማን ነው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ማን መታት?»

«ወደቀች» አልኩት። እንዴት እንዳየኝ ብነግርህ! ያን እሁድ ባለቤቴ ምን እንደተሰማው ኮሪደሩ ላይ ገባኝ።

እንደዚያ ቆሜ ሳለ እሱ መጣ። አብረውት የሚቀቡት ሰዎች ናቸው የነገሩት። እጁ ሙሉ ነጭ ቀለም ነው። ምንም አልጠየቀኝም። አጠገቧ ሄዶ ቁጢጥ አለ። እናታችን በደህናው ዓይኗ አየችውና «አንተ፣ የት ጠፍተህ ነው?» አለችው። እኔን የማታውቀኝ ሴት እሱን አወቀችው። «ሥራ በዝቶብኝ» አላት።

ፊልሟን ልኬልሃለሁ። ያሉኝ ኦፕራሲዮን አያስፈልጋትም ነው። ዕድሜዋን አይተው ነው የተዉአት ወይስ እውነት አያስፈልጋትም? እሱን ብቻ ንገረኝ።

እህትህ

ሚያዝያ 6

ለእህቴ፤

እግዜር ብርታቱን ይስጥሽ። ፊልሙን አየሁት፤ ለዚያች አብራኝ ለምትሠራው ሐኪምም አሳየኋት። በልጅነቴ ያንን ጉንጭ ተደግፌ ነው ያደግኩት፤ አጥንቱን አያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

መውደቅ ነው። እጇ ልብስ ስለያዘ አልቀደመላትም፤ መሬቱን በጉንጯ አገኘችው። ማንም ቢጠይቅሽ ራጅ የሚያነሳ ወንድሜ አይቶታል በዪ፤ ግን እንዲህ ስልሽ አፍራለሁ።

ሐኪሞችሽ ልክ ናቸው። ዓይኗ ወደ ላይም ወደ ታችም ከዞረ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ካልታያት፣ አፏም ከተከፈተ፣ በዚህ ዕድሜ ባይነኳት ይሻላል። ጉንጯ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ይቀራል። አፍንጫዋን አጥብቃ እንዳትናፈጥ፤ ስታስነጥስ አፏን ትክፈት። በዚያ በኩል አትተኛ። ማኘክ የማያስፈልገው ነገር ስጪያት። ዓይኗ እንደገና ቢያብጥ ወይም እይታዋ ቢደክም ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ውሰጃት።

ፈቃዴ ተፈቅዷል፤ ሰኔ ላይ እመጣለሁ። ለአጎታችን እኔ ራሴ ቆሜ እንድነግራቸው ፍቀጂልኝ።

አብሮ ያለው የታሸገ ደብዳቤ ለባለቤትሽ ነው። ምን ብዬ እንደጻፍኩለት አልነግርሽም። ካልፈለገ አያንብበው።

ወንድምሽ

ሚያዝያ 29

ለወንድሜ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። እናታችን ደህና ናት፤ አሁን ደህና ስልህ እንዴት እንደሆነች ልንገርህ። ዓይኗ ተከፍቷል፣ ሁለት አይታያትም። ጉንጯ እንዳልከው ጎድጉዷል። መስታወት ፊት ስትቆም ያቺን ሴትዮ አታውቃትም፤ ሰላም ብላት ታልፋለች። አንሶላ መቀየር በቀን ሁለቴም ሦስቴም አለ። ስትመጣ ታየዋለህ፤ ቀድመህ እወቀው ብዬ ነው።

ለአጎታችን ንገራቸው። ፈቅጄልሃለሁ። እኔ ግን እዚያ አልገኝም።

ባለቤቴ ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይቷል። ወደ ቤት ተመለስ አልኩት፣ አንድ ጊዜ አይደለም። «ከሽማግሌ ፊት የወጣሁበት በር ነው» ይለኛል፤ ሌላ አይጨምርም። ማታ ማታ ግን ከሥራ ሲወጣ ይመጣል። ቁልፉን የገጠመው እሱ ነው። እናታችንን አንሥቶ ያጥባታል፣ ያበላታል፣ ካውያዋን ተቀብሎ በምትኩ ደረቅ ሰፊ ብሩሽ ይሰጣታል፤ ጠረጴዛውን በእሱ ስትተኩስ ታመሻለች። እስክትተኛ ይቀመጣል። ከዚያ ይሄዳል። ተጣላን እንዳልል አልተጣላንም። ምን እንደሆንን ስሙን አላውቀውም።

ደብዳቤህን ሰጠሁት። በሩ ጋ ቆሞ ነው ያነበበው፤ ቀስ እያለ፣ እያንዳንዱን መስመር። ሲጨርስ አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ምን ብዬ ልጻፍለት?» አልኩት።

«ደርሶታል በዪው።»

«ሌላስ?»

«ምን ሌላ አለ?»

«ሰኔ ላይ ይመጣል። ሊያገኝህ ይፈልጋል።»

ደረት ኪሱን በመዳፉ ተጫነው። «ይምጣ» አለ። «እሱ ካለ እሷን የሚያነሣት ሰው አገኘሽ ማለት ነው። ያን ሰሞን እኔ አልመጣም።»

ከዚያ ገብቶ ብርድ ልብሷን አስተካከለላት፣ እጁን ታጥቦ «ደህና እደሩ» ብሎን ወጣ።

እህትህ